የሽመላ ሰባት ቤት

እማዬ እግሩ የረዘመ ወፍ ሁሉ ሽመላ ነው የሚመስላት። ነጭ ይሁን ጥቁር፣ ምንቃሩ ቀጥ ይበል ይቆልመም፣ ግድ አይሰጣትም። እግሩ ከረዘመ ሽመላ፣ አጥሮ ውሃ ላይ ከተንሳፈፈ ዳክዬ። አለቀ። ከዚህ ሕግ ነፃ የወጣ አንድ ወፍ ብቻ አለ፤ ጋጋኖ። እሱንም ቢሆን በመልኩ ሳይሆን በጩኸቱ ነው የምታውቀው። ጎንደር ያደገ ሰው የሚነግሩት አይደለም። ገና ጎህ ሳይቀድ ሦስት አራት ሆነው እየተጯጯሁ በጣሪያችን ላይ ያልፋሉ። አላርም ሞልቼ አላውቅም።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ወፍ የእሁድ ሥራዬ ነው። አንድ አሮጌ መነጽር አለኝ፤ የቀኙ ዓይን ጭጋግ ስለያዘ በግራው ብቻ ነው የማየው። ጓደኞቼ ቅዳሜ ማታ ኳስ ሲያዩ እኔ ስለ ወፍ ዘር ሳነብ አመሻለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ባለፈው ጥር፣ የጥምቀት ግርግር ካለፈ በኋላ፣ እማዬን ይዤ ጎርጎራ ወረድኩ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዘዞን፣ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፎ መንገዱ ጣና ላይ ያልቃል። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር። እማዬ ገና ቆላ ድባ ሳንደርስ ከጎኗ ከተቀመጠች ወጣት ጋር ወሬ ጀምራለች። "የማን ልጅ ነሽ?" አለቻት። ቀጥላ አባቷን፣ ከዚያ አያቷን፣ ከዚያ የአያቷን አገር። ጯሂት ስንደርስ ሁለቱ በሩቅ የአክስት ልጅ ሆነው ተገኙ። ታሪፍ እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ ልክፈል ሆነ።

እማዬ በሰፈሩ የታወቀችው በዚህ ነው። ልጅ ሊድር ያሰበ ሰው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ወደ እሷ ይመጣል። ቡና ይፈላል። እሷ ጣቷን እያጠፈች ሰባት ቤት ትቆጥራለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጎረቤታችን ለልጁ ያጫትን ልጅ ስም ይዞ መጣ። ልጁ ጥቁርና መለሎ፣ ልጅቷ ቀይና አጭር። በመልክ የሚገናኙበት የለም። እማዬ ቆጠረች፣ ቆጠረች፣ አምስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። አንድ ሴት አያት ላይ ተገናኙ። ነገሩ እዚያው ቀረ።

በሌላ በኩል እኔና የሰፈራችን ፀጉር ቆራጭ አለን። አገር ምድሩ ወንድማማች ያደርገናል። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ "ነገ ልቆረጥ እመጣለሁ" ይለኛል። የገዛ እህቴ አንድ ቀን እኔ መስሏት ከኋላው ማጅራቱን በጥፊ ብላዋለች። እማዬ እልህ ይዟት የእሱን ዘር በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችው። ምንም የለም። ልጁ የመጣው ከደሴ ነው።

"መልክ ሌላ፣ ሥጋ ሌላ" አለች ያን ቀን። ስለ ወፍ አመዳደብ ከዚያ በፊት ካነበብኩት ሁሉ ይሄ አጠረልኝ።

ጎርጎራ ታንኳ ላይ ወጣን። ቀዛፊው ወጣት ነው፤ "እማማ፣ መሀል ላይ ይቀመጡ" አላት። ከእኛ ራቅ ብሎ ምንቃራቸው ስር ከረጢት ያላቸው ፔሊካኖች እንደታጠበ ነጠላ ነጭ ሆነው ተንሳፍፈዋል። የደረቀ ግንድ ላይ ኮርሞራንት የሚባለው ጥቁር ጠላቂ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ዳር ላይ ከብቶቹ መሀል ነጫጭ ሳቢሳዎች ይርመሰመሳሉ። እማዬ በእጇ አመለከተችና "ሽመላ፣ ሽመላ፣ ዳክዬ" አለች። ዳክዬ ያለችው ፔሊካኑን ነው።

አልሳቅኩም። ምክንያቱም ካርል ሊኔየስም ያደረገው ይህንኑ ነው። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የዓለምን እንስሳት ሁለት ሁለት ስም ሰጥቶ ሲደለድል ሳቢሳንም፣ ሽመላንም፣ ራሷ ላይ አክሊል ያላትን ክሬንም "አርዴያ" በሚል አንድ ወገን ስር ነው የከተታቸው። እግር ረጅም፣ አንገት ረጅም፣ ምንቃር ረጅም፤ በቃ። ፔሊካንና ኮርሞራንትንም አንድ ወገን አደረጋቸው። ሰጎን እንኳ ከነሽመላ ጋር ረጅም እግሮች ጎራ ውስጥ ገብታ ነበር። እንግዲህ እማዬና ሊኔየስ አንድ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ልዩነታቸው እሷ በላቲን አለመጻፏ ነው።

ቀዛፊው ታንኳው ውስጥ መረብ ነበረው። መረቡ ውስጥ ጠዋት ተጠላልፎ የሞተ ኮርሞራንት ነበር። እግሩን አንስቶ ጣቶቹን ከፈተልኝ። አራቱም ጣቶች፣ የኋላው ሳይቀር፣ በአንድ ቆዳ ተያይዘዋል። ቆዳው እንደ እርጥብ ፌስታል ቀጭን ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲይዙት ደም ስሩ ይታያል። ዳክዬ እንዲህ አይደለችም። የዳክዬ ቆዳ ሦስቱን የፊት ጣቶች ብቻ ነው የሚያያይዘው፤ የኋላዋ ጣት ለብቻዋ ናት። ፔሊካን ግን ልክ እንደ ኮርሞራንቱ አራቱም የተያያዙ ናቸው። ይህን ያየ ሳይንቲስት ሁለቱን ወንድማማች ቢያደርግ ምን ይፈረድበታል? ከሊኔየስ በኋላም ሁለት መቶ ዓመት በላይ በዚህ ምስክርነት አንድ ምድብ ሆነው ኖሩ።

ዲኤንኤ ሲቆጠር ነገሩ ተገለበጠ። የፔሊካን የቅርብ ዘመዶች ሁለት ናቸው። አንዱ በደቡብ ሱዳንና በኡጋንዳ ረግረጎች የሚኖረው ባለ ትልቅ ምንቃሩ ወፍ ነው። ዐረቦች "አቡ መርኩብ" ይሉታል፤ የጫማ አባት እንደማለት። እኛ ጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት አይተን አንዱን ሽመላ "አባ ኮዳ" እንዳልነው ማለት ነው። ሁለተኛው ዘመድ ደግሞ ከእኛው ጋር የሚኖር ነው። ራሱ መዶሻ የሚመስል፣ መልኩ ቡናማ የሆነ፣ ከቁራ ብዙም የማይበልጥ ወፍ። እግሩ የፔሊካንን የመሰለ ነገር የለውም። በጎርጎራ ዳር ዋርካው ላይ ጎጆውን አየነው።

ስለዚህ ጎጆ ትንሽ ልበል፤ ማለፍ አልችልም። ወፉ አንድ ክንድ ቢያህል ነው፤ ጎጆው ግን ሜትር ተኩል ስፋት ይደርሳል። እንጨት፣ ሣር፣ ጭቃ፣ ሲገኝ ደግሞ ጨርቅና ላስቲክ። ከላይ ጣሪያ አለው፤ ሰው ቢቆምበት ይችላል ይባላል። መግቢያው በጎን በኩል ጠባብ ነው፤ ውስጡ በጭቃ ተለስኗል፤ ልክ እንደ ጎተራ አፍ። ባልና ሚስቱ ተባብረው ነው የሚሠሩት፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ የሚጀምሩበትም ጊዜ አለ። እማዬ ቀና ብላ አይታ "ይሄስ ባለ ሀብት ነው" አለች። እንግዲህ ያ ነጭ ከረጢታም መርከብና ይህ ቡናማ ግንበኛ ናቸው የሥጋ ዘመዳሞቹ። ሳቢሳዎችና ጋጋኖም ቀጥለው እዚሁ ቤት ይገባሉ። ኮርሞራንቱ ጎረቤት ሆነ። ሽመላስ? ሽመላ ድሮ የቤቱ አባወራ ነበር፤ ሳቢሳውም ጋጋኖውም በእሱ ስም ነበር የሚጠሩት። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ፔሊካን ሲሄዱ፣ ዛሬ በምድቡ ውስጥ የቀሩት ራሳቸው ሽመላዎቹ ብቻ ናቸው። አንጀቴን በልቶኛል።

ከዚህ ወጣ ሲባል ደግሞ ሰፊው ቤተሰብ ይመጣል። ሽመላ፣ ፔሊካንና ኮርሞራንት ከፔንግዊንና አልባትሮስ ከሚባለው የባሕር ወፍ ጋር አንድ ግንድ ላይ ይገናኛሉ። በበረዶ ላይ የሚንገዳገደው ፔንግዊን ከዳክዬ ይልቅ ለሽመላ ይቀርባል።

"ዳክዬዋስ ታዲያ የማን ናት?" አለች እማዬ።

"የዶሮ።"

"የምን ዶሮ?"

"የቤት ዶሮ። የምትገነጥያት።"

እዚህ ላይ ታንኳው ትንሽ ተወዛወዘ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ዳክዬ፣ ዝይና ዶሮ፣ ከሰጎን ወገን በቀር፣ ከሌሎቹ ወፎች ሁሉ ቀድመው አንድ ላይ የተገነጠሉ ቅርንጫፍ ናቸው። አጥንቱም፣ ዲኤንኤውም፣ ሁሉም በዚህ ይስማማል፤ በወፍ ዘር ቆጠራ እንዲህ ያለ ስምምነት ብርቅ ነው። "ታዲያ ለምን አይበላም?" አለች እማዬ። እኔ ቄስ አይደለሁም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ የማይበሉት ወፎች ሲዘረዘሩ ሽመላና ሳቢሳ "በየወገኑ" ተብሎ ይጠራሉ፤ መጨረሻ ላይ የሌሊት ወፍም አለች። ያ ዝርዝር የሚበላና የማይበላ ነው፤ የዘር ሐረግ አይደለም። በዚያው ዝርዝር ውስጥ የውሃ ዶሮም አለች። እሷ ደግሞ ጉድ ናት። የውሃ ዶሮ የምንላት ጥቁሯ ወፍ ከዶሮ ጋር ዝምድናዋ በስም ብቻ ነው፤ የእሷ ዘመድ ያቺ ባለ አክሊሏ ክሬን ናት። ዶሮ ያልናት ዶሮ አይደለችም፤ ዶሮ ያላልናት ዳክዬ ግን የዶሮ ዘመድ ናት።

ስለዚህ "የውሃ ወፍ" ማለት "ነጋዴ" እንደማለት ነው። ሙያ ነው፣ ዘር አይደለም። ዓሣ አውጪው ንስርም ከሐይቁ ይበላል፤ ወገኑ ግን ከነጭልፊት ነው።

ከሁሉም የምወደው ታሪክ የፍላሚንጎ ነው። ፍላሚንጎ ጣና ላይ ብዙ ስለማይታይ ሰው የሚያውቀው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርድ፣ በአቢጃታ በኩል ነው። ሮዝ ወፍ፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ እግር፣ ታች የታጠፈ ምንቃር። ይህ ወፍ ሳይንቲስቶችን ለሁለት ከፍሎ ኖሯል። እግሩን ያዩ ሽመላ ነው አሉ። ጣቶቹ መሀል ያለውን ቆዳና እንደ ዝይ የሚያሰማውን ድምፅ የያዙ ዳክዬ ነው አሉ። እንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ቶማስ ሃክስሊ በ1867 ሁለቱም ወገን እንዳይቀየም ይመስላል፣ መሀል አስቀመጠው። ሽምግልና ያውቅ ነበር።

ዳክዬ ነው ባዮቹ አንድ አሳፋሪ ምስክር ነበራቸው፤ ቅማል። የወፍ ቅማል ከወፉ ጋር ትውልድ ለትውልድ ይኖራል፤ ሁለት ወፎች ተቀራራቢ ቅማል ካላቸው ቅድመ አያታቸው አንድ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የፍላሚንጎ ቅማል ደግሞ የዳክዬን ይመስላል። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

በ2001 የዲኤንኤ ውጤት ሲወጣ የፍላሚንጎ የቅርብ ዘመድ ሽመላም ዳክዬም ሳይሆን ግሪብ ሆኖ ተገኘ። ግሪብ ማናት? አንገረብ ግድብ ላይ እሁድ እሁድ የማያት፣ ከጡጫ እምብዛም የማትበልጥ፣ ቡናማ፣ እግሯ ከሰውነቷ መጨረሻ ላይ የተተከለ ትንሽ ጠላቂ ናት። አየኋት ስትል ጥልቅ ትላለች፤ ሌላ ቦታ ብቅ ትላለች። መሬት ላይ መቆም እንኳ በቅጡ አይሆንላትም። ከዚያ መለሎ ሮዝ ወይዘሮ ጋር እህት ናት ቢሉህ ታምናለህ? ብዙዎቹ አላመኑም። ግን ከዚያ በኋላ የተሠራው ጥናት ሁሉ ይህንኑ አጸና፤ በ2005 ለጥንዶቹ የጋራ ስም ወጣላቸው፤ ትርጉሙ "ድንቅ ወፎች" ነው።

ደስ የሚለው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዝምድናው ከታወቀ ወዲያ ሰዎች ተመልሰው ወፎቹን ማየት ጀመሩ። የሁለቱም እንቁላል ኖራ በመሰለ ነገር የተሸፈነ ነው። የሁለቱም ክንፍ ጫፍ ላይ ያሉት ዋና ላባዎች ቁጥር ከብዙው ወፍ በአንድ ይበልጣል፤ አስራ አንድ። ፓሌሎደስ የሚባል የጠፋ የፍላሚንጎ ዘመድ አጥንቱ ሲታይ እግሩ ለዋና የተሠራ ይመስላል። ምልክቱ ድሮም እዚያው ነበር። እማዬ የዚያን የጎረቤታችንን ልጅና የእጮኛውን ዝምድና ከቆጠረች በኋላ ነው "የጆሯቸውን ጉትቻ መስቀያ አላያችሁትም?" ያለችን። አየነው። እውነትም አንድ ነበር።

ቅማሉስ? በ2006 የቅማሎቹ ዲኤንኤ ራሱ ተቆጠረ። የፍላሚንጎ ቅማል በዘሩ ለግሪብ ቅማል የቀረበ ሆነ። ዳክዬዎቹ ቅማሉን ያገኙት ከፍላሚንጎ ተጋብቶባቸው ነው የሚል ነው አሁን ያለው ግምት። ምስክሩ ዋሽቶ አያውቅም፤ የሰማነው በተጣመመ ጆሮ ነበር።

በዚህ የስም ትርምስ ውስጥ ጎንደርም እጇ አለበት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 እዚህ ገብቶ ሲመለስ "አቡ ሐንስ" ስለሚባል ነጭና ጥቁር፣ ምንቃረ ቆልማማ ወፍ ጻፈ። አባ ዮሐንስ መሆኑ ነው። የጥንት ግብፆች ያመልኩት የነበረው ኢቢስ ይሄ ነው አለ። በዚያ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ኢቢስ ማን እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ሊኔየስ ከብት ተከታይዋን ሳቢሳ "ኢቢስ" ብሏታል፤ በኋላ ደግሞ ባለ ቢጫ ምንቃሩን ሽመላ "ኢቢስ" አለው። ሁለቱም አይደሉም። በ1800 ገደማ ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኩቪየር ከግብፅ መቃብር የወጣ የደረቀ ወፍ ፈትቶ አጥንቱን ለካና ብሩስ ትክክል ነው ብሎ ፈረደ። ስሞቹ ግን ተለጥፈው ቀሩ፤ ሽመላውም ሳቢሳዋም ዛሬም በሳይንሱ "ኢቢስ" ናቸው። የሳቢሳዋ ደግሞ ይብሳል። ብዙ ዘመን ከሌሎቹ ሳቢሳዎች ተለይታ የራሷ ወገን ተሰጥቷት ስትኖር፣ በቅርብ ዓመታት ዲኤንኤዋ እዚያው እነሱ መሀል ስላስገባት መልሰው "አርዴያ ኢቢስ" አሏት። ሊኔየስ በ1758 ያወጣላት ስም ቃል በቃል።

ጋጋኖንም ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጎንደር የኖረ ሰው ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 እዚህ መጥቶ ከረመ፤ በ1837 ወፉን ከነጉሮሮው ሥጋ ገልጾ በላቲን ሰየመው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም የትም የለም። ሩፔል ጎህ ሲቀድ ይቀሰቀስ እንደነበር አልጠራጠርም።

ሁሉ ተቆጥሮ አለቀ ማለት ግን አይደለም። ሽማግሌዎችም እኮ ስድስተኛው ቤት ላይ ይጣላሉ። በ2014 የ48 ወፎች ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም ዲኤንኤያቸው ከዳር እስከ ዳር፣ ተነበበና ፍላሚንጎና ግሪብ ከርግብ ጋር አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጡ። በ2024 ደግሞ 363 ወፎች ተነበቡ፤ ርግብ ወደ ሌላ ቤት ሄደች። የመጀመሪያው ቆጠራ የተሳሳተው አንድ ክሮሞዞም ላይ ያለ ቁራጭ ስላሳሳተው ነው ተባለ። ያ ቁራጭ በጥንት ጊዜ እንደሌላው ሳይቀላቀል ቀርቶ የራሱን ታሪክ ብቻ ያወራል፤ ድምፁ እንደሚጮህ አንድ እድርተኛ ስብሰባውን ወሰደው። ችግሩ የዘመን ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮች ሲጠፉ ባዶ የቀረውን ዓለም ወፎች በአጭር ጊዜ ተሻምተው ተበታተኑ። ልጆች ሁሉ በአንድ ሰሞን ጎጆ ከወጡበት ቤት ማን ቀድሞ እንደወጣ ማን ያስታውሳል?

ይህን ሁሉ ለእማዬ በአንድ ቀን አልነገርኳትም። ትንሽ በትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ቡና ላይ። ትሰማለች፤ ታምናለች ግን አልልም።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት በረንዳ ላይ ሆነን ጋጋኖዎቹ መጡ። እየተጯጯሁ አልፈው የጎረቤታችን ቆርቆሮ ላይ አረፉ። እማዬ ሲኒዋን እንደያዘች ቀና አለች።

"ይሄ ደግሞ የማን ወገን ነው ያልከኝ?"

"የፔሊካን።"

"የዚያ የከረጢታሙ?"

"አዎ። የጎርጎራው።"

ዝም አለች። ሲኒውን አስቀመጠች። አውራ ጣቷ ትንሿ ጣት ላይ ሲሄድ አየሁት፤ ልትቆጥር ነው።

"በማን በኩል?" አለችኝ።